ለአባባ ያጎረስኩላቸው ጠመንጃ

ናቲ ባለፈው ሰኞ ደውሎ «አንክል፣ ለበርድ ሀንቲንግም ለክሌይም የሚሆን አንድ ሾትገን ሪኮመንድ አድርግልኝ፣ ሴሚ-አውቶ ነው የምፈልገው» ሲለኝ፣ ይኸ በስልክ የሚሆን ነገር አይደለም፣ ጓደኛህንም ይዘህ ቅዳሜ ና አልኩት። ይኸው መጣችሁ። መልሱ አጭር ነው፤ ከመልሱ ጋር የሚመጣው ታሪክ ግን ረዘም ይላል። ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱና ስሙኝ።

መጀመሪያ የጠየቃችሁኝን ልመልስ። ሴሚ-አውቶማቲክ የወፍ ጠመንጃ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንዱ ዓይነት ከተተኮሰው ጥይት ጋዝ ቀንሶ በዚያ ኃይል ሌላ ጥይት ያጎርሳል። ይህኛው ትከሻ ላይ ለስላሳ ነው፤ ግን ጥላሸት ይይዛል፣ ካላጸዳችሁትም ያኮርፋል። ሌላው በራሱ ርግጫ ጉልበት የሚሠራ ነው። ንጹሕና ቀላል ነው፣ ትከሻን ግን አይምርም። በጭቃና በዝናብ የሚውል ሰው ይህን ይወድዳል። ቀኑን ሙሉ ለኢላማ ወደ አየር የሚወረወር ሸክላ ሲያፈርስ የሚውል ሰው የመጀመሪያውን ይያዝ። ለሁለቱም አንድ ብቻ እገዛለሁ ካላችሁ ባለ ጋዙን ግዙና ማጽዳት ልመዱ። ከሁሉም በላይ ግን በልካችሁ ትሁን። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ወደ ትከሻችሁ አምጧት፤ ስትገልጡ ከአፈሙዟ ጫፍ ያለችው ትንሿ ፍሬ ፊት ለፊታችሁ ከሆነች የእናንተ ናት። ካልሆነች ምን ብታምር የሌላ ሰው ሚስት ናት፣ ተዋት።

ይኸን ሁሉ ያን ጊዜም አውቀው ነበር። የመረጥኳት ጠመንጃ ምንም ስህተት አልነበረባትም፤ ዛሬም ብትሉኝ ያችኑ ነው የምመርጠው።

ናቲ፣ በቤተሰባችን ስለ አያትህ የሚወራውን ታሪክ ታውቃለህ። አባባ ደጀኔ አንድ ቀን ዳክዬ አደን ሄደው፣ አርጅተው ኖሮ፣ አማቻቸውን ጌታቸውን፣ ማለትም እኔን፣ ሊገድሉት ነበር ይባላል። በየበዓሉ ይነሳል፤ እናትህ ትተርከዋለች፣ እናንተ ትስቃላችሁ፣ እኔም ከእናንተ ጋር እስቃለሁ። ያ ታሪክ ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ አሥር ዓመት ሆዴ ውስጥ ይዤው ኖሬአለሁ።

ለጓደኛህ እንዲገባው ከመጀመሪያው ልጀምር። አባባ የባለቤቴ የሶስናና የናቲ እናት አባት ናቸው። በዘጠናዎቹ መጨረሻ ላይ እኛ ዘንድ እዚህ ጆርጂያ፣ ስቶን ማውንቴን መጥተው ይኖሩ ነበር። በጉብዝናቸው በጋሞ ቆላ ጅግራና ቆቅ ሲያድኑ ኖረዋል። የያዟት ጠመንጃ ባለ አንድ አፈሙዝ ነበረች፣ ወገቧ ላይ ታጥፋ የምትከፈት። አንድ ጥይት ትጎርሳለች፣ አንድ ትተፋለች፣ በቃ። ጥይት እንደ ልብ ስለማይገኝ በዚያ አገር ሰው የሚከበረው ባልሳተው ልክ ነው። አባባ ሁለተኛ ጥይት የሚተኩስ ሰው ሲያዩ ያፍሩለት ነበር። «ሁለተኛው ጥይት የፊተኛውን ስህተት መሸፈኛ ነው» ይሉኝ ነበር።

እኔ ደግሞ አደን የጀመርኩት እዚሁ ነው። በምሠራበት ሆስፒታል የራጅ ክፍል አብሮኝ የሚሠራ አንድ የጆርጂያ ሰው ነበር። በየሴፕቴምበሩ የዋኔ አደን ይወስደኛል። ወንድሙ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ወደ ምሥራቅ የሚርቅ መሬት ነበረው፣ ከጫካው መሐል ኩሬ ያለበት። በጃንዋሪ ከፈለግህ ዳክዬ ና ብሎ ፈቀደልኝ። አባባን ይዤ መሄድ አማረኝ። ምራቃቸውን የዋጡ አዳኝ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ቴሌቪዥን ሲያዩ ማየት ያናድደኝ ነበር። ግን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ቀኝ ትከሻቸውን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ስለነበር ርግጫ አይችሉም። እንግዲህ ለስላሳ ጠመንጃ ማግኘት ነበረብን።

ከስኔልቪል ከተማ ወጣ ብሎ ከሚገኝ የአደን ዕቃ መሸጫ ሄድን። ሻጩ ሃያ አራት ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ማስቲካ ያኝካል፣ ኮፍያውን ገልብጦ አድርጓል። ሥራውን ግን ያውቃል፣ አልዋሽም። አባባ ሦስት ጠመንጃ ሞክረው መለሱ። አራተኛዋን ትከሻቸው ላይ ሲያሳርፏት ፊታቸው በራ። ባለ ጋዝ ሴሚ-አውቶማቲክ ናት፣ ቁጥር ሃያ የሚባለው ጠባብ አፈሙዝ ያላት፣ ቀለል ያለች። ልጁ ይህን ሲያይ ጠመንጃዋን ተቀብሎ ከፈታትና ጣቱን ወደ አባባ ቀስሮ ንገራቸው አለኝ። ይቺ ጠመንጃ ሆዷ ውስጥ ጥይት እስካለ ድረስ በተኮሱ ቁጥር ራሷን ታጎርሳለች። አንዴ ተኩሻለሁና ባዶ ናት እንዳይሉ። ከፍተው በዓይናቸው ሳያዩ፣ ጣታቸውን ከትተው ሳይዳስሱ አይመኑ። አፈሙዟን በምንም ምክንያት ወደ ሰው እንዳያዞሩ። ይኸን በደንብ አድርገህ ንገራቸው፣ አሮጌ ሰዎች በለመዱት ነው የሚሄዱት አለ።

አሁን እኔ ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ማወቅ አለባችሁ። በቤተ ክርስቲያናችን የታወቅሁ አስተርጓሚ ነበርኩ። ሐኪም ቤት የሚሄዱ አዛውንቶች፣ ቢሮ የሚጠሩ እናቶች «ጌታቸው ይምጣልን» ይሉ ነበር። ለምን መሰላችሁ? አጣፍጥ ስለነበር ነው። ሐኪሙ «ይህን ካላቆምሽ ትሞቻለሽ» ሲል እኔ «እማማ፣ ቢቀንሱት መልካም ነው ይላል» እላለሁ። የቢሮዋ ሴትዮ «ስንት ጊዜ ልንገርህ» ስትል እኔ «ትንሽ ወረቀት ቀርቷል» እላለሁ። ቃል የምቀባው በማር ነበር። ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ይወጣል፣ እኔም ተመርቄ ቤቴ እገባለሁ። ይኸን እንደ ጥበብ እቆጥረው ነበር።

አባባ «ምን ይላል ልጁ?» አሉኝ። አፌን ከፈትኩ። አርባ ዓመት ጠመንጃ ተሸክመው የኖሩ ሰው ፊት ቆሜ፣ የማስቲካ ልጅ ቃል ተቀብዬ፣ «አፈሙዝ ወደ ሰው አያዙሩ ይላል» ልበል? ምራቅ እንደመትፋት ሆኖ ታየኝ። የሚስቴ አባት ናቸው። «ጥሩ መርጠዋል፣ ራሷ ስለምታጎርስ አይደክሙም ይላል» አልኳቸው። አባባ ጎንበስ ብለው ልጁን አመሰገኑት። ልጁም ገባቸው ብሎ ደስ አለው። ሁለቱንም አስደስቼ ወጣሁ።

ይህ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው በሸክላ መተኮሻው ሜዳ ነበር። አባባ እጃቸውን እንዲያሟሹ ብዬ ሦስት አራት ቅዳሜ ወሰድኳቸው። እዚያ የሜዳው ደንብ አንድ ሸክላ ሲወረወር አንድ ጥይት ብቻ ማጉረስ ነው። ሴሚ-አውቶማቲክ ደግሞ የመጨረሻ ጥይቷን ስትተኩስ የጥይት ቤቷ ተከፍቶ ይቀራል። አባባ አንድ ያጎርሳሉ፣ ሸክላዋን አየር ላይ ያደቅቋታል፣ ጠመንጃዋም ተከፍታ ትቀራለች። በዚያ በታመመ ትከሻ ከአምስት አራቱን ሲመቱ ነጮቹ ዞር ብለው ያዩዋቸው ጀመር። እኔ ደረቴን ነፍቼ ቆሜአለሁ። አባባ በሁለተኛው ቅዳሜ ተከፍታ የቀረችዋን ጠመንጃ አሳይተውኝ፣ ይቺም እንደ ድሮዋ ናት፣ ተኩሳ ስትጨርስ ራሷ ትከፈታለች፣ ሙያ አላት አሉኝ። መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር። ግን ሰዎች ያዩናል፣ እሳቸውም ደስ ብሏቸዋል። ሌላ ቀን አስረዳቸዋለሁ ብዬ ሳቅሁ።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ዕድል ኩሬው ዳር ነበር።

ያን ጠዋት የውሃው ጠርዝ ስስ በረዶ ይዞ ነበር። ጭጋጉ ከኩሬው ላይ ገና አልተነሣም፣ ነፋስ የሚባል የለም። የሞቱ ዛፎች ከውሃው መሐል ራቁታቸውን ቆመዋል። ቦታው የቢቨር ግድብ ነው። ቢቨር ዛፍ በጥርሱ እየገዘገዘ ጅረት የሚገድብ እንስሳ ነው፤ የዱሮው ጅረት ግን ከኩሬው ሥር ቦይ ሆኖ ይቀራል፣ ደለልና የበሰበሰ ቅጠል ይሞላዋል፣ ከላይ ሲያዩት ከሌላው ውሃ አይለይም። የመሬቱ ባለቤት ከግድቡ በስተ ግራ አትሂድ ብሎኝ ነበር። በሁለት ዛፎች መሐል፣ ደረቁ ላይ፣ ለአባባ መቀመጫ አበጀሁላቸው። በራሪዎቹን የሚያባብሉትን የፕላስቲክ ዳክዬዎች ውሃው ላይ በተንኩ። እኔ እስከ ደረት የሚደርሰውን የጎማ ሱሪ ለብሻለሁ።

የአባባ ጣቶች በብርድ አልታዘዝ አሏቸው። ጠመንጃዋን ተቀበልኳቸውና እኔ አጎረስኩላቸው። አንድ ከጥይት ቤቷ፣ ሁለት ከሆዷ። ለዳክዬ ሕጉ ከሦስት በላይ አይፈቅድም። አባባ ያን ጊዜ ፊታቸውን ወደ ሰማዩ አዙረው የጭጋጉን አካሄድ እያዩ ነበር፤ ስንት እንዳጎረስኩ አላዩም። ጆሯቸው ድሮም ደከም ያለ ነው። የቀረችው እንዳትጎዳ ብዬ የስፖንጅ መድፈኛ በሁለቱም ጆሮ ከተትኩላቸው። በሁለት እጄ ጠመንጃዋን አቀረብኩላቸው፣ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ፣ መረቁኝ። በዚያ ጠዋት በጆርጂያ ምድር ከእኔ የተሻለ አማች አልነበረም።

ፀሐይ ልትወጣ ስትል ሁለት ዳክዬዎች በዛፎቹ ላይ ጥምዝ ብለው መጡ። አባባ አልቸኮሉም። ተነሡ፣ ጠመንጃዋ ከትከሻቸው ጋር ተገናኘች፣ አንዴ ጮኸች። ወንዱ፣ ያ ራሱ አረንጓዴ የሆነው፣ ክንፉን አጥፎ ከግድቡ በስተ ግራ ውሃው ላይ ወደቀ። ሁለተኛዋ ልክ ከራሳቸው በላይ አለፈች፣ ቀና ብለውም አላዩዋት። ጠመንጃዋን ዝቅ አድርገው፣ ተከፍታለች ብለው ሳያዩ፣ ብብታቸው ሥር አስገቧት። ሥራው አልቋል፣ አንድ ተኮሱ፣ አንድ ጣሉ።

ትልቅ ሰው የጣለውን አውሬ ማንሳት የታናሽ ነው። የራሴን ጠመንጃ ከዛፍ ባላ ላይ ሰቅዬ ወደ ውሃው ገባሁ። አትሂድ የተባልኩበት በኩል ነው፤ አውቃለሁ። ዳክዬው ግን አሥር እርምጃ አይሆንም፣ አባባም ያዩኛል። በስድስተኛው እርምጃ መሬት አጣሁ።

መጀመሪያ ቀኝ እግሬ ገባ። እሱን ላወጣ ግራዬን ስረግጥ ሁለቱም እስከ ታፋዬ ሄዱ። ደለሉ እግሬን እንደ ሰው እጅ ጨበጠኝ። ውሃው ደረቴ ላይ ደረሰ፣ ከዚያ በጎማው ሱሪ አፍ ወደ ውስጥ መግባት ጀመረ። ቅዝቃዜው ትንፋሼን ነጠቀኝ፤ ለመጮህ አየር አልነበረኝም። በተንቀሳቀስኩ ቁጥር ትንሽ እወርዳለሁ። ዝም ብዬ ስቆምም እወርዳለሁ። ሰው ይህን ያህል ምንም ማድረግ እንደማይችል እዚያ ነው የተማርኩት። ክንዴ አለ፣ አእምሮዬ አለ፣ ግን አንዳቸውም ጥቅም የላቸውም።

አባባ አዩኝ። በሰባ አንድ ዓመታቸው በዚያ በሚያንሸራትት ግድብ ላይ፣ ከግንድ ግንድ እየረገጡ መጡ። ግድቡ ጫፍ ላይ ተንበረከኩ። በመካከላችን ሁለት ሜትር ያህል ነበር። እጃቸውን ዘረጉ፣ አልደረሰም። ግራ ቀኝ ዞር ብለው ዱላ ፈለጉ፣ ግንዱ ሁሉ በጭቃ የተጣበቀ ነው። በአገራቸው ወንዝ የወሰደው ሰው ሲገኝ ዱላ ይዘረጋለታል፤ ዱላ የሌለው አዳኝ ተኩሶ ያበቃትን ጠመንጃ ይዘረጋል። እሳቸው ራሳቸው በዚህ መንገድ ሁለት ሰው ከሞላ ወንዝ አውጥተው ተመርቀዋል፣ ታሪኩን ብዙ ጊዜ አውርተውልኛል። ስለዚህ እንደሚያውቁት አደረጉ። ሰደፏን ጨብጠው አፈሙዟን ሰጡኝ።

የጠመንጃ አፍ ከፊት ለፊት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቁጥር ሃያ ትንሽ ነው ይባላል። ከአንድ ክንድ ርቀት ሲያዩት ጉድጓድ ነው። ከጀርባው የአባባ ፊት አለ፣ ደግ ፊት፣ ልጃቸውን ሊያወጡ የመጡ አባት ፊት። ሌባ ጣታቸው ከቃታው ላይ ናት። ከቃታው ኋላ ያለችው መቆለፊያ ቀይ ቀለበቷን አሳይታለች፤ ቀይ ማለት ለመተኮስ ዝግጁ ናት ማለት ነው። የጥይት ቤቷ ዝግ ነው። ውስጧ ሁለት ጥይት እንዳለ በዚያ ኩሬ ዳር የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም ደረቱ ድረስ ሰምጧል።

«አባባ፣ ጥይት አለባት!» ብዬ ጮህኩ።

ከንፈሬን አዩ፣ አልሰሙኝም። ጆሯቸውን የደፈንኩት እኔ ነኝ። የፈራሁ መሰላቸው። «አይዞህ ልጄ፣ ያዝ» አሉኝና አፈሙዟን ይበልጥ አስጠጉልኝ። እጄን አወዛወዝኩ፣ አይሆንም፣ አይሆንም በሚል። ልይዝ እየሞከርኩ ስላልደረስኩ መሰላቸውና በጉልበታቸው ወደፊት ዳኹ። አሁን አገጬን ልትነካ ምንም አልቀራት።

ወደ ኋላ ልል አልችልም፣ እግር የለኝም። ወደ ጎንም እንደዚያው። ውሃ ውስጥ ጎንበስ ብል ተመልሼ ቀና ማለቴን እንጃ። አፈሙዟን ይዤ ብጎትት ጠመንጃዋ ወደ እኔ ትመጣለች፣ ጣታቸው ግን ቃታው ላይ ትቀራለች፤ ያ ማለት ራሴ በራሴ ላይ ተኮስኩ ማለት ነው። ባልይዝ ደግሞ ይሰጡኛል፣ ይሰጡኛል፣ አይተዉም። ሶስናን አሰብኩ። ከሁሉ የከፋው ግን አባባ ከዚህ በኋላ እንዴት ይኖራሉ የሚለው ነበር። የገዛ ልጃቸውን ባል ደም በእጃቸው ይዘው።

በግራ መዳፌ አፈሙዟን ከጎን ገፋኋት፣ ልይዛት ሳይሆን ላርቃት። እሳቸው ግን ክብደቴን ሲሰማቸው ያዘልኝ ብለው ሳቡ።

ተኮሰች።

ድምፁን አልሰማሁትም ብል ታምኑኛላችሁ? እሳት አየሁ፣ የግራ ፊቴን ሙቀት መታው፣ ከኋላዬ ውሃው ፈነዳ። ከዚያ ዓለም ሁሉ ፀጥ አለ። እስከ ዛሬ በግራ ጆሮዬ አልሰማም፤ ናቲን በቀኜ በኩል ያስቀመጥኩት ለዚህ ነው። የተመታሁ መስሎኝ እጄን ወደ ፊቴ ሰደድኩ። ደም የለም። አባባ በጉልበታቸው እንዳሉ ጠመንጃዋን ያያሉ። እኔም አየኋት። ቀለሁ ተፈናጥሮ ወጥቷል፣ የጥይት ቤቷም ተመልሳ ጠቅ ብላ ተዘግታለች። እንደገና አጉርሳለች። ሦስተኛው ጥይት ገብቷል፣ ጣታቸው ከቃታው ላይ ናት፣ አፈሙዟም አሁንም ወደ እኔ ናት።

ሁለተኛ ጊዜ አልጮህኩም። ድምፅ አልነበረኝም። ዓይናቸውን ብቻ እያየሁ ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅሁ፣ ሕፃን ልጅ መድኃኒት አልጠጣም ሲል እንደሚያደርገው። ምን እንደገባቸው አላውቅም፣ ግን ለቀቋት። ከግንዱ ላይ ነጥራ፣ ተንሸራትታ፣ ውሃው ውስጥ ገባች። ሳትተኩስ ሰመጠች።

ከዚያ በኋላ ያዳኑኝ እሳቸው ናቸው፤ ይህም በቤታችን ሲወራ ይረሳል። መድፈኛውን ከጆሯቸው ነቅለው ጣሉ፣ በሆዳቸው ግድቡ ላይ ተጋደሙ፣ ቀበቶአቸውን ፈትተው ከጃኬታቸው እጅጌ ጋር አያይዘው ወረወሩልኝ። የጎማውን ሱሪ ማንገቻ ፍታ እያሉ በእጃቸው ምልክት ያሳዩኛል። ፈታሁ። በዚያ በታመመ ትከሻ ጎተቱኝ፣ እኔም ሱሪውን ለደለሉ ትቼ በካልሲና በውስጥ ልብስ ወጣሁ። ጊዜው ምን ያህል እንደፈጀ አላውቅም። ወጥቼ ግንዱ ላይ ስወድቅ አባባ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው እያገላበጡ ያዩኝ ነበር፣ የተበሳ ቦታ ፍለጋ።

መኪናው ውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ተንቀጠቀጥኩ። አባባ ከቀኜ ናቸው፣ በዚያ በኩል እሰማለሁ። «አንዴ ነው የተኮስኩት» አሉኝ። ቆይተው ደግሞ «አንዴ ነበር እኮ የተኮስኩት፣ ልጄ» አሉኝ። ለራሳቸው ነበር የሚናገሩት፣ አእምሯቸው የከዳቸው መስሏቸው።

አያችሁ፣ ያ ነበር ሰዓቱ። ሦስት ያጎረስኩት እኔ ነኝ፣ ሻጩ የነገረኝን አልነገርኩዎትም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት ነበረብኝ። አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። እኔ ግን «እግዚአብሔር አተረፈን፣ ለሶስና አንነግራትም» አልኳቸው። እንደገና ማር መቀባት። አባባ ራሳቸውን ነቅንቀው እኔ እነግራታለሁ አሉ።

በር ላይ፣ ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ «ባልሽን ልገድለው ነበር» አሏት። ሶስና አለቀሰች፣ ከዚያ ተቆጣች። አባትዋን ስትቆጣ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር አንድ በአንድ ተለወጠ። ሽማግሌው ረስተዋል፣ አርጅተዋል ተባለ። ጠመንጃ ተከለከሉ፣ ይህ ይሁን። ምድጃ እንዳይነኩ ተባሉ። ያኔ ጎረቤታችን ስለነበራችሁ፣ ናቲ፣ አንተን ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤቱ አውቶቡስ የሚወስዱህ እሳቸው ነበሩ፤ እናትህ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ራሷ ትወስድህ ጀመር። አባባ ከመስኮቱ ቆመው ያዩህ ነበር። ምንም አልተከራከሩም። ምክንያቱም አንዴ ነው የተኮሱት፣ ጠመንጃዋ ደግሞ ሁለቴ ጮኸች፤ ከእሳቸው ስህተት በቀር ሌላ ማስረጃ የሚያቀርብላቸው አልነበረም። ነበረ እንጂ፣ እኔ ነበርኩ።

በሁለተኛው ሳምንት አባባ ሦስት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ይዘው ሳሎናችን መጡ። ቆመው ይቅርታ ጠየቁኝ፣ ከዚያ እግሬ ላይ ሊወድቁ ጎንበስ አሉ። አማቴ፣ የሰባ አንድ ዓመት ሰው፣ በእኔ እግር። ዘልዬ በብብታቸው ይዤ አነሣኋቸው፣ ኧረ በእግዚአብሔር፣ አይገባም እያልኩ። ሽማግሌዎቹ ትሕትናዬን አይተው አደነቁ፤ አንዱ እንዲያውም እንባው መጣ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ። እንዲያ እያልኩ የአባባን ክንድ ይዤ ነበር፣ ቀጭን ሆኗል። እውነቱን ልናገር ነበር። ግን ሽማግሌዎች ፊት፣ ሶስና ፊት፣ አስተርጓሚው ጌታቸው እንዲህ አደረገ ልበል? ፈራሁ። ሌላ ስም አልሰጠውም።

ከዚያ ቀን በኋላ በየቀኑ እየከበደ ሄደ። ውሸት እንደዚያ ደለል ነው፤ በመጀመሪያው እርምጃ ብመለስ ኖሮ እወጣ ነበር። አራት ዓመት አብረን በአንድ ገበታ በላን። አባባ ዲኬተር አጠገብ ባለ ሆስፒታል ሲታመሙ ማታ ማታ ከሥራ ወጥቼ አጠገባቸው እቀመጥ ነበር። በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ሶስና ውሃ ልትጠጣ ወጣ ስትል እጄን ያዙኝ። «ያንን ነገር በእውነት ይቅር ብለኸኛል?» አሉኝ። ከእኛ በቀር ማንም አልነበረም። ሽማግሌ የለም፣ የሚያፍሩበት ሰው የለም። እኔ ግን በዚህ ሰዓት ምን አስጨንቃቸዋለሁ አልኩ። «ይቅር ብዬዎታለሁ አባባ» አልኳቸው። ተረጋጉ። ሶስና ስትመለስ እጃቸው በእጄ ውስጥ እንዳለ አርፈው ነበር።

እንግዲህ ናቲ፣ ጠመንጃህን ግዛ። ባለ ጋዙን፣ ቁጥር ሃያ፣ በልክህ። ለሰው ስትሰጥ ከፍተህ ስጥ፣ ባዶነቷን አሳይተህ። ስታጎርስ ስንት እንዳጎረስክ ጮክ ብለህ ተናገር። የምትነግረው ሰው አባትህ ይሁን፣ ጳጳስ ይሁን፣ አርባ ዓመት ያደነ ይሁን፣ ንገረው። ቢቀየምህ ይቀየምህ። የተቀየመ ሰው ነገ ይታረቃል። እኔ አባባን እንዳላስቀይም ብዬ የሠራሁትን ነገር አይተሃል፤ ሰውየው የነበራቸውን ስም፣ አዳኝነታቸውን፣ የልጅ ልጃቸውን እጅ ሳይቀር ወሰድኩባቸው፣ ያውም አክብሬአቸው። አያትህ አልረሱም ነበር። አእምሯቸው ደህና ነበር። ይህን ለእናትህም ንገራት፣ እኔም እመጣለሁ።

አንተ ሰኞ ስትደውል ከየት ልጀምርለት ብዬ ሳስብ፣ መጀመሪያ መስማት ያለባት ሶስና እንጂ አንተ እንዳልሆንክ ገባኝ። ሐሙስ ዕለት ሶስና ከሥራ ስትመለስ ወንበር ስቤ አስቀምጬ ከሱቁ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳት። ምንም ሳላጣፍጥ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። ካፖርቷን ሳታወልቅ ሰማችኝ። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ስጨርስ እጆቼን አየች።

«አባባ ሲሞቱ እጃቸውን የያዝከው አንተ ነበርክ» አለችኝ።

ከዚያ ተነሥታ ወደ መኝታ ቤት ገባች። እስከ ዛሬ ጠዋት ሌላ ቃል አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም።